ምስጋናው ለሰልፍ ሜዳው አይደለም

በአሜሪካ በየሁለት ዓመቱ ውጤቱ በጉጉት የሚጠበቅ አንድ አገር አቀፍ የትምህርት ምዘና አለ። ከየክፍለ ግዛቱ በናሙና የተመረጡ የ4ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በንባብና በሒሳብ ይፈተኑበታል። እ.ኤ.አ. በ2024 የተሰጠው ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ብዙዎቹ ክፍለ ግዛቶች አንገታቸውን ደፉ፤ በኮሮና ጊዜ ያሽቆለቆለው የንባብ ውጤት ገና አላንሰራራም ነበር። ከሁሉም ልቆ የተገኘው ደግሞ ክፍለ ግዛት አይደለም። የመከላከያ ሚኒስቴር ለሠራዊቱ አባላት ልጆች የሚያስተዳድረው፣ በምኅጻረ ቃሉ ዶዲያ የሚባለው የትምህርት ቤቶች ሥርዓት ነው። በ8ኛ ክፍል ንባብ የአገሪቱ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አማካይ 257 ሲሆን የዶዲያ 282 ነበር፤ በ4ኛ ክፍል ሒሳብ አገሪቱ 237፣ ዶዲያ 251። በ2022ም ቀዳሚነቱ የእሱ ነበር።

ይህን የሰማ ሰው አፉ ላይ የሚመጣለት ማብራሪያ አንድ ነው፤ «የወታደር ቤት አይደል? ሥርዓት አለ፣ ቁጣ አለ፣ ልጅ ቀጥ ይላል።» ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያለው ወገናችንም፣ ልጁ አልሰማ ያለው የአዲስ አበባ ወላጅም ይህንኑ ይላል። ይህ ዝግጅት ክፍል በዚህ አይስማማም። ትምህርት ቤቶቹ ያገኙት ስም ይገባቸዋል፤ ምስጋናው ግን ለሰልፍ ሜዳው አይደለም። ወታደርነት ከቤተሰብ የሚወስደውን ነገር መንግሥት በወጉ መካሱ ነው ውጤቱን ያመጣው። ነገሩ ለታሪክ ያህል ብቻ የሚነሳ አይደለም። ዛሬ በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ላይ እየተፈጸመ ያለው ስሕተት የሚመነጨው ከዚሁ ግራ መጋባት ነው።

መንግሥታት የወታደርን ልጅ ማስተማር የጀመሩት ለልጁ ብለው አልነበረም። በዛሮቹ ሩሲያ የተራ ወታደር ወንድ ልጅ በሕግ የሠራዊቱ ነበር። ካንቶኒስት ይሉታል። በጦር ሠፈር ትምህርት ቤት ፊደልና ሒሳብ ከሰልፍና ከከበሮ ጋር እየተማረ ያድጋል፤ ዕድሜው ሲደርስ እንደ አባቱ ሃያና ሃያ አምስት ዓመት ያገለግላል። ከ1827 ወዲህ ደግሞ ከአይሁድ ቤተሰቦች በግዳጅ የተወሰዱ ታዳጊዎች እዚያው ይገቡ ጀመር፤ ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ የተገደዱት ብዙ ናቸው። ሥርዓቱ የተሻረው ሩሲያ በክራይሚያ ጦርነት ከተሸነፈች በኋላ በ1856 ነው። እንግሊዞች ነገሩን በለዘብታ ያዙት። በ1801 ለንደን ቼልሲ ላይ የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የንጉሣዊው ወታደራዊ ማሳደጊያ የሞቱና የዘመቱ ወታደሮችን ልጆች፣ ወንዶችንም ሴቶችንም፣ ያስተምር ነበር። ማንም ዝመት ብሎ አያስገድድም፤ ይሁን እንጂ ወንዱ ልጅ የለበሰው መለዮ፣ የሚነፋው መለከት፣ የሚሰለፈው ሰልፍ ሁሉ መንገዱን ያሳየዋል። ትምህርት ቤቱ በ1909 ወደ ዶቨር ሄዶ ዛሬም የዮርክ መስፍን ንጉሣዊ ወታደራዊ ትምህርት ቤት ተብሎ አለ፤ ከ2010 ወዲህ ግን በሩ የወታደር ልጅ ላልሆነም ክፍት ነው።

እኛም አገር ይህ ታሪክ አለን፤ ደፍረን ያልመዘንነው ታሪክ። ከኢትዮ-ሶማሊያ ጦርነት በኋላ ደርግ ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ላጡ ልጆች አላጌ ላይ ሕፃናት አምባን አቋቋመ። በ1979 ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ታዳጊዎች ባሕር ተሻግረው ኩባ፣ የወጣቶች ደሴት በሚባለው ቦታ ወደ ተከፈቱ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተላኩ፤ ከትምህርት ቤቶቹ አንዱ ካራማራ ይባል ነበር። ከአላጌም ከኩባም ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የግብርና ባለሙያ ወጥቷል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ላይ ነበር። መንግሥት «አባትም እናትም እኔ ነኝ» ብሎ ነበርና በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ ልጆቹ ለሁለተኛ ጊዜ ወላጅ አጡ። ኩባ ላይ የነበሩት ከዚህ የባሰ ገጠማቸው፤ የላካቸው መንግሥት በሌለበት፣ የተቀበላቸው አገር ራሱ ዳቦ በቸገረው ሰዓት፣ መመለሻ አጥተው ዓመታት ያሳለፉ አሉ። አላጌ ዛሬ የግብርና ኮሌጅ ነው።

አሜሪካኖቹ የሄዱበት መንገድ ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ ሲጀምሩ ግን እነሱም እንዲህ አላሰቡትም። በ19ኛው መቶ ዘመን በምዕራቡ ጠረፍ ምሽጎች የነበረው ትምህርት ቤት ለስሙ ያህል ነበር። በ1838 የወጣው ሕግ የምሽጉ ቄስ መምህርም እንዲሆን አዘዘ። እሑድ የሰበከው ቄስ ሰኞ ፊደል ያስቆጥራል ማለት ነው (ይህ ለኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም፤ የኔታን ያውቃልና)። በ1866 ወታደሩ ባለበት ቦታ ሁሉ ትምህርት ቤት ይከፈት ተባለ፤ ሕጉ ያሰበው ግን ማንበብ የማይችለውን ወታደር ራሱን ነበር። ልጆች ከተገኙ አብረው ይማራሉ። አቅም ያለው መኮንን ልጁን ምሥራቅ ወዳሉ ዘመዶቹ ይልካል፤ የተራ ወታደር ልጅ ዕድሉ ያመጣለትን ይማራል።

ነገሩን የለወጠው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣው ሰላም ነው። የአሜሪካ ጦር ጀርመንን፣ ኦስትሪያንና ጃፓንን ይዞ ሊቀመጥ ሆነ፤ ወታደሩም ሚስቴን ልጆቼን አለ። በኤፕሪል 1946 የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች ቶማስ ባሪ በምትባል የጦር ማመላለሻ መርከብ ብሬመርሃፈን ወደብ ደረሱ። በቦምብ በፈራረሰች አገር መሐል ልጅ የሚማርበት ቦታ መፈለግ ግድ ሆነ። ስድስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ በኦክቶበር 1946፣ ጀርመን ላይ የመጀመሪያዎቹ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ውሳኔ ተወሰነ፤ ያኔ ማንም ትልቅ ያላለው። መምህራኑ ከአሜሪካ ከተሞች የተቀጠሩ ሲቪሎች ሆኑ፤ የሚያስተምሩትም አገር ቤት የሚያስተምሩትን ነው። መለዮ የለም፣ ከበሮ የለም። ልጁ ነገ ወደ ኦሃዮ ወይም ወደ ካንሳስ ሲመለስ ክፍሉን ሳይደግም እንዲቀጥል ነው የታሰበው። የካንቶኒስቱ ትምህርት ቤት ልጁን ለሠራዊቱ ያዘጋጅ ነበር፤ ይሄኛው ከሠራዊቱ ለሚወጣበት ቀን አዘጋጀው።

ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች አንዱ አስመራ ላይ ነበር። ኢትዮጵያና አሜሪካ በ1953 በተፈራረሙት ስምምነት የተስፋፋው የመገናኛ ጣቢያ ኮሪያ በዘመተው ሻለቃችን ስም ቃኘው ተባለ፤ በአጥሩ ውስጥም የጣቢያው ባለሙያዎች ልጆች እንደ ጀርመኑና እንደ ጃፓኑ ሁሉ የአገራቸውን ትምህርት ይማሩ ነበር። ጣቢያው እየተመናመነ ሄዶ ደርግ በ1977 ይዘጋ ብሎ እስኪያዝ ድረስ ቤተሰቦቹ ዕቃቸውን ጠቅልለው ሄዱ፤ ልጆቹ በሚቀጥለው ቦታ ካቆሙበት ቀጠሉ። ከአላጌ ልጆች ዕጣ ጋር ማስተያየት ይቻላል። አንደኛው መንግሥት ቤተሰቡን ደገፈ፤ ሌላው ቤተሰቡን ተካ።

አገር ቤት ያለው የዶዲያ ታሪክ ግን ከዚህ ይልቅ የተወሳሰበ ነው፤ ያስከብረዋል ብለን የምናምነው ምዕራፍም ያለው እዚያ ነው። ዛሬ በአሜሪካ ምድር የዶዲያ ትምህርት ቤት ያለው በሰባት ክፍለ ግዛቶች ብቻ ነው፤ አላባማ፣ ጆርጂያ፣ ኬንታኪ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ ደቡብ ካሮላይና፣ ቨርጂኒያ፣ እንዲሁም የዌስት ፖይንት አካዳሚ ያለበት ኒው ዮርክ። ከኒው ዮርክ በቀር ሁሉም ደቡብ ናቸው። ይህ እንዲያው የሆነ አይደለም። በ1950 የወጣው ሕግ፣ ስድስተኛ አንቀጹ፣ የአካባቢው አስተዳደር ለጦር ሠፈር ልጆች ተስማሚ ትምህርት መስጠት ካልቻለ የፌዴራል መንግሥት ራሱ ያስተምራቸው ይላል። ደቡብ ላይ ደግሞ የጥቁርና የነጭ ትምህርት ቤት በሕግ የተለያየ ነበር። ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1948 በሠራዊቱ ውስጥ የዘር መድልዎ እንዲቀር አዝዘዋል። እንግዲህ ጥቁሩና ነጩ ሳጅን በአንድ ጓድ ውለው፣ በአንድ መንገድ ጎን ለጎን በተሠሩ ቤቶች እያደሩ፣ ልጆቻቸው ጠዋት በሁለት የተለያዩ አውቶቡሶች ወደ ሁለት የተለያዩ ትምህርት ቤቶች ይሄዳሉ።

በ1951 ምክር ቤቱ በጦር ሠፈር ውስጥ ያሉ ትምህርት ቤቶችም የየክፍለ ግዛቱን የመለያየት ሕግ እንዲከተሉ የሚያደርግ ረቂቅ አሳለፈ፤ ትሩማን አልፈርምም አሉ። በጃንዋሪ 1954 የአይዘንሃወር የመከላከያ ሚኒስትር ቻርልስ ዊልሰን በጦር ሠፈር ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት ሁሉ እስከ ሴፕቴምበር 1955 ድረስ ልጆችን በዘር መለየቱን እንዲያቆም ትእዛዝ ሰጡ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በብራውን መዝገብ «ትምህርት ቤትን በዘር መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል» የሚለውን ታላቁን ውሳኔ የሰጠው ከዚህ ትእዛዝ አራት ወር በኋላ፣ በሜይ 1954 ነው። ሠራዊቱ አገሪቱን ቀደመ። ይህ የሆነው ጄኔራሎቹ ከሌላው ዜጋ የበለጠ ሩህሩህ ስለነበሩ አይደለም፤ ብዙዎቹ እግራቸውን ይጎትቱ ነበር። ከአጥሩ ውጭ ያለው ትምህርት ቤት ደግሞ በነበረበት ቀጠለ፤ የጤናና ትምህርት ሚኒስትሩ ሪቢኮፍ «በዘር የተለያየ ትምህርት ቤት ለወታደር ልጅ ተስማሚ አይደለም» የሚለውን አቋም ይፋ ያደረጉት በ1962 ነው። ያም ሆነ ይህ፣ የደቡቡ ጥቁር ወታደር ልጁን ከነጭ ልጅ ጎን ያስቀመጠበት የመጀመሪያው ክፍል የሲቪል መምህርት የምታስተምርበት፣ የፌዴራል መንግሥት የሚከፍልበት የጦር ሠፈር ክፍል ነበር። በ2022ቱ ምዘና የዶዲያ ጥቁርና ሂስፓኒክ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በንባብ ከአገሪቱ ነጭ ተማሪዎች አማካይ በላይ ማግኘታቸውን ስናነብ ይህን ታሪክ ማስታወስ ይገባል።

ከዚያ በኋላ ያለው የአስተዳደር ታሪክ በአጭሩ ይነገራል። ባሕር ማዶ ያሉትን ምድር ጦር፣ አየር ኃይልና ባሕር ኃይል በየፊናቸው ያስተዳድሩ ነበር፤ በ1970ዎቹ ተጠቃለሉ፣ በ1978 የራሳቸው ሕግ ወጣላቸው፣ በ1992 የዛሬውን ስም አገኙ። ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ የጀርመኖቹ በየተራ ተዘጉ፤ ፍራንክፈርት በ1995፣ ሃይደልበርግ በ2013። ዛሬ በ11 አገሮች፣ በሰባቱ ክፍለ ግዛቶች፣ በጉዋምና በፖርቶ ሪኮ 160 ገደማ ትምህርት ቤቶች፣ 67 ሺህ ያህል ተማሪዎች አሉት።

ታዲያ ውስጡ ምን አለ? የወታደር ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል ከስድስት እስከ ዘጠኝ ጊዜ ትምህርት ቤት ይቀያይራል። የዝውውር ትእዛዝ ይመጣል፣ የቤት ዕቃው በካርቶን ይታሸጋል፣ ልጁ ጓደኛውን ተሰናብቶ ይሄዳል። ዶዲያ ለዚህ ያበጀው መላ ቀላል ነው፤ ኦኪናዋም ሆነ ኬንታኪ ያለው ክፍል የሚከተለው አንድ ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ መጽሐፉም መለኪያውም አንድ ነው። የትምህርት መለኪያውን በ2010ዎቹ ሲለውጥም አልተጣደፈም፤ መምህራኑን እያሠለጠነ ደረጃ በደረጃ ነበር ያስገባው። መምህሩ አዲስ ተማሪ በየወሩ መቀበል የለመደ ነው። ለአንድ ተማሪ በዓመት የሚወጣው ወጪ 25 ሺህ ዶላር ገደማ ይደርሳል፤ ከአብዛኛው የአሜሪካ ወረዳ በላይ። ወላጅ ለመምህር ስብሰባ ሲጠራ አዛዡ ሂድ ይለዋል እንጂ ከደመወዙ አይቆርጥበትም።

ከአጥሩ ውስጥ ያለው ልጅ ደግሞ ቢያንስ አንዱ ወላጁ ሥራ አለው። ቤት አለው፤ የቤት ኪራይ አልተከፈለም ተብሎ አይባረርም። ሐኪም አለው። አባት ወይም እናት ለመቀጠር ፈተና አልፈዋል፣ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰዋል። ስለዚህ የዶዲያን ውጤት ከዲትሮይት ወይም ከሚሲሲፒ ገጠር ጋር እኩል አስቀምጦ «እዩ፣ እነዚህ ይችላሉ፣ እናንተ ግን» ማለት ፍትሐዊ አይደለም። ለዶዲያ ስም የሚጨነቁ ሰዎች ይህ ሲነሳ ይከፋቸዋል፤ ውጤቱን የሚያሳንስባቸው ይመስላቸዋል። እኛ የሚያገዝፈው ይመስለናል። አንድ መንግሥት የልጁን ቤት፣ የወላጁን ሥራና የቤተሰቡን ሕክምና ካረጋገጠ፣ ለመምህሩ በደንብ ከከፈለ፣ ሥርዓተ ትምህርቱንም በየምርጫው ካልቀያየረ የጥቁርም የነጭም ልጅ ማንበብ እንደሚችል የሚያሳይ ሥራ አሜሪካ በእጇ ይዛለች። ለሌሎቹ ልጆቿ ይህን ላለማድረግ መምረጧ የዶዲያ ጥፋት አይደለም።

ጥፋት የምንለው ሌላ ነው። በመጀመሪያ፣ ከአምስት የወታደር ልጆች አራቱ ከዚህ ደጅ አይደርሱም፤ በአካባቢያቸው መደበኛ ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት። ቴክሳስ ኪሊን ላይ ወይም ኮሎራዶ ላይ የተመደበ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወታደር የዶዲያን ዝና በጋዜጣ ያነባል እንጂ ልጁን አያስገባም። ለእነዚህ ልጆች በ2008 የተጀመረና በ2014 ሃምሳውንም ክፍለ ግዛቶች ያቀፈ ስምምነት አለ። ክትባት የጎደለው ልጅ 30 ቀን ይሰጠዋል፤ መዋዕለ ሕፃናት የጀመረ ልጅ ዕድሜህ አልደረሰም ተብሎ አይመለስም፤ 12ኛ ክፍል ላይ የተዛወረ ተማሪ ያዲሱን ክፍለ ግዛት ታሪክ አልወሰድክም ተብሎ ዲፕሎማው አይያዝበትም። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ማስተዋል ብቻ የጠየቀ ሥራ ነው። የማስተማሪያ ቋንቋው ከክልል ክልል የሚለያይባት አገራችንም ለመከላከያ አባል ልጅ ይህን የመሰለ የጽሑፍ ስምምነት በክልሎች መካከል ቢኖራት አይከፋም።

ሁለተኛው ጥፋት ከበድ ይላል። አሶሺየትድ ፕሬስ በ2018 ባወጣው ምርመራ በጦር ሠፈሮችና በዶዲያ ትምህርት ቤቶች ልጆች በልጆች ላይ የሚፈጽሙት ወሲባዊ ጥቃት በወጉ እንደማይመዘገብ፣ ተጎጂውም ፍትሕ የሚያገኝበት ግልጽ መንገድ እንደሌለው አጋለጠ። ወታደራዊ ሕግ ሕፃንን አይዳኝም፤ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ የልጅ ጉዳይ አይመለከተኝም ይል ነበር፤ የአካባቢው ፖሊስ ደግሞ በብዙ ሠፈሮች አጥር ውስጥ ሥልጣን አልነበረውም። ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት ይህን ለማረም ሕግ እንዲወጣ አድርጓል። እንግዲህ «ሥርዓት አለ» የሚባልለት አጥር፣ ሕፃን ሲጠቃ ቅሬታውን የሚሰማ ጆሮ የጠፋበት አጥርም ነበር። ትምህርት ቤቱ የደከመው የሠራዊቱ ግድግዳ በተጫነው ቦታ መሆኑን ልብ ይሏል።

አሁን ያለው አደጋም ከዚያው አቅጣጫ ነው የመጣው። በጃንዋሪ 2025 ዘርንና ጾታን የሚመለከቱ የፕሬዚዳንቱ ትእዛዞች ሲወጡ ዶዲያ እንደ ማንኛውም የሚኒስቴሩ ክፍል ተቀብሎ ፈጸመ። ወደ 600 የሚጠጉ መጻሕፍት ከየቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ተነሡ፤ የጥቁሮች ታሪክ ወርን የመሳሰሉ ዝግጅቶች ቀሩ፤ ከትምህርቱም የተቆረጠ አለ። በፌብሩዋሪ የመከላከያ ሚኒስትሩ ስቱትጋርትን ሲጎበኙ የመለስተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከክፍል ወጥተው ተቃወሙ። በኤፕሪል ቨርጂኒያ፣ ኬንታኪ፣ ጣሊያንና ጃፓን ባሉ ጦር ሠፈሮች የሚማሩ 12 ልጆች በቤተሰቦቻቸው በኩል ክስ መሠረቱ። የሌላ ወረዳ ወላጅ እንዲህ ሲገጥመው የትምህርት ቦርዱን በምርጫ ያወርዳል። የወታደር ወላጅ የሚመርጠው ቦርድ ቢኖርም የሚኒስቴሩን ትእዛዝ መሻር አይችልም፤ የልጁ ትምህርት ቤት አለቃ የራሱም አለቃ ነው። ክስ የመሠረቱት ቤተሰቦች ምን ያህል እንደደፈሩ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ለ80 ዓመታት ያህል ሚኒስቴሩ በዚህ ሥርዓት ላይ ያደረገው ትልቁ በጎ ነገር ገንዘቡን ከፍሎ ክፍሉን ለመምህሩ መተው ነበር። ትእዛዝ በአንድ ቀን የሚፈጸምበት ቤት መሆኑ በ1954 ለበጎ ዋለ፤ በ2025 መደርደሪያ ለማራገፍ ዋለ። እኛ ስንፈርድ፣ ዶዲያ ለማስተማር ሥራው ከፍተኛውን ምስጋና ያገኛል፤ የሚያስተዳድረው ሚኒስቴር ግን ይህን ውጤት የራሱ የአዛዥነት ፍሬ አድርጎ ሊቆጥረውና በዚያ ሰበብ ወደ ክፍሉ ሊገባ መብት የለውም። በኦክቶበር 2025 የፌዴራል ፍርድ ቤት መጻሕፍቱ እንዲመለሱ ሲያዝ፣ ትእዛዙ የያዘው ከሳሾቹ የሚማሩባቸውን አምስት ትምህርት ቤቶች ብቻ ነው። የቀሩት ከ150 በላይ የሆኑ ትምህርት ቤቶች ልጆች እያንዳንዳቸው ጠበቃ ይዘው እስኪመጡ መጠበቅ የለባቸውም፤ ሚኒስቴሩ ያነሣቸውን መጻሕፍት በሁሉም ቦታ ራሱ ይመልስ።